ዝምተኛው ትእዛዝ

ነገሩን ቢምላ የሰማችው ልጅ ሆና ነው፤ በፊጂ፣ ሳማቡላ በሚባለው ሰፈር በነበረው ሱቃቸው ጓዳ፣ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጣ። ከመጋረጃው ወዲያ እናቷና የእናቷ ታናሽ እህት፣ በሂንዲ የእናት እህት እንደምትባለው ሞሲ ሱክዴይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የመድኃኒት ወኪል ገና መውጣቱ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ጊዜው ያለፈበት የሳል ሽሮፕ አግኝቶ፣ ዳቦ ሊገዙ በመጡ ሰዎች ፊት እናቷን እንደ ተማሪ አቁሞ ተቆጣት፤ ሁሉም ነገር በካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው፣ እያለ። እናቷ የምታነበው ደግሞ ሂንዲ ብቻ ነበር። ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ፣ የትኛዋ እንደሆነች ቢምላ ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም፣ «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል አለ፤ ለማን እንደተጻፈ ግን አልነገረንም» አለች። ሌላዋ የመለሰችውን፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ዋጠው።

ቢምላ አሁን ሃምሳን ተሻግራለች። ሱቫ ውስጥ ቱራክ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ቢሮ ትሠራለች። ቢሮው ለትንንሽ ክሊኒኮችና ለመንደር መድኃኒት ቤቶች የመደርደሪያቸውን መድኃኒት የሚቆጣጠር የኮምፒውተር ፕሮግራም ያወጣል። ፕሮግራሙን የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ሱሬን ነው፤ ባያ ትለዋለች፣ በሂንዲ ታላቅ ወንድም እንደሚባለው። የአጠቃቀም መጽሐፉን የሚጽፉት ደግሞ እሷና ባልደረባዋ ቫሲቲ ናቸው፤ ቫሲቲ በፊጂኛ፣ ቢምላ በእንግሊዝኛና በሂንዲ። የሂንዲውን ማንም አላዘዛትም። ራሷ ጀመረችው፣ ራሷ ጨረሰችው፤ ሱሬንም ስትጽፍ እያየ ዝም አለ፤ መፍቀዱ ይሁን መተዉ ሳይታወቅ።

ረቡዕ ዕለት ግን ዝምታውን ሰብሮ አንድ ነገር ደነገገ። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ያነባል፤ የሂንዲው መጽሐፍ ለማን እንደሚታተም እሱ አይገባውም። ሆኖም ፕሮግራሙን ዓይቶ የማያውቅ፣ የቢሮ ሰው ያልሆነ አንድ አንባቢ፣ ማንም ሳያግዘው ወረቀቱን ብቻ ይዞ፣ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከመዝገቡ ማውጣት ከቻለ፣ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም መጻሕፍት ዋሉ ቤይ ወዳለው ማተሚያ ቤት ይሄዳሉ። ካልቻለ ሁለቱ ይሄዳሉ፣ ሂንዲው ይቀራል። ለዘንድሮ ነው ወይስ ለሁልጊዜ ብላ ቢምላ አልጠየቀችም። ወንድሟ «ይቀራል» ሲል ለሁልጊዜ ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጻፈው ለኮምፒውተሩ በሚሰጥ ትእዛዝ ነው። አንባቢውን ካለበት ምዕራፍ ወደ ሌላው ለመላክ የሚያገለግሉ ሦስት ትእዛዞች አሉ፤ ቫሲቲ ስም አውጥታላቸዋለች። አንደኛው ተናጋሪው ነው፤ ራሱ «ተመልከት» ብሎ ይጀምርና የምዕራፉን ስምና ገጽ ያስከትላል። ሁለተኛው ቅንፉ ነው፤ ያንኑ ይላል፣ ግን በቅንፍ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ሹክሹክታ። ሦስተኛው ዝምተኛው ነው፤ ስሙንና ገጹን አስቀምጦ ዝም ይላል፣ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ጸሐፊዋ ራሷ ትሞላለች። በስክሪን ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚታየው ሰማያዊ ስም ብቻ ነው። ልዩነታቸው የሚወጣው ወረቀት ላይ ሲወርዱ ነው። የትእዛዞቹ መማሪያ፣ የተጠራጠራችሁ እንደሆነ ተናጋሪውን ተጠቀሙ ይላል። ለእንግሊዝኛ እውነት ነው፤ ለፊጂኛም ይመቻል። «የኛ ቋንቋ አፉን ሲከፍት ጉዳዩን ይናገራል፣» ትላታለች ቫሲቲ፣ «የናንተው ነው እንግዳውን ሁሉ አስቀምጦ ግሡን መጨረሻ ላይ የሚያቀርበው።» ቢምላም ትስቃለች። የእንግሊዝኛውን ስትጽፍ እጇ የለመደውን ተናጋሪ ትእዛዝ ሂንዲው ላይም መጠቀሟን ግን ልብ ብላ አታውቅም።

አርብ ጠዋት ዝናብ ነበር። ለፈተናው ያነባል የተባለው የናሲኑ ክሊኒክ ሠራተኛ ልጁ ታሞበት እንደማይመጣ ደወለ። ቢምላ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ጠረጴዛ ሄዳ፣ ናውሶሪ ከተማ ያሉት ሞሲ ሱክዴይ ዘንድ ብትሄድስ ብላ ጠየቀችው። ሞሲ ሱቅ ውስጥ አድገዋል፣ ሂንዲ ያነባሉ፣ በየማክሰኞው ማታ የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ፣ ራማያናን፣ ለማኅበራቸው ጮክ ብለው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ሱሬን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። ሱቁ የነበረበትን የሳማቡላውን ቤት ከሸጠበት ጊዜ ወዲህ ከሞሲ ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እናታቸው በሞተች በዓመቱ ነው የሸጠው፤ ሞሲ በኋለኛው ክፍል ይኖሩ ነበር፤ መሸጡን የሰሙት ከገዢው ነው። «ማንም ይሁን፣» አላት በመጨረሻ፣ «ብቻ እኔን አታገናኚኝ።»

የቢሮው ማተሚያ የሂንዲውን የመጨረሻ ገጽ እንዳወጣ፣ ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ፣ አንዴ እንኳ ሳታነበው በላስቲክ ጠቀለለችው። ቫሲቲ ላፕቶፑን በሁለት የገበያ ከረጢት ደራርባ አሰረችላት። «ኢሳ፣ ቢም፣» አለቻት፣ በፊጂኛ ሰው ሲያሳዝንም ሲናፈቅም እንደሚባለው፤ «ያንቺ ካልገባ የኔ ብቻውን ገብቶ ምን ይሠራል?» ቢምላ ለማጽናናት ያለችው መሰላት።

አውቶቡሱ አሮጌው ዓይነት ነበር፤ መስታወት የሌለው፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ የሚወርድበት። ሳማቡላ ሲደርስ ቢምላ የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ዓየች። ሱቃቸው የነበረው ቤት አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤ በሩ ላይ የነበረው የእናቷ ሰማያዊ ቀለም ግን አዲሱ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ይታያል። የላምባና የልብስ ሳሙና ሽታው፣ ሚዛኑ ሲንቋቋ፣ እናቷ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ለሁሉም በአንድ ድምፅ ስትናገር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። እናቷ ለማንም «ና» እና «ሂድ» አትልም ነበር። ከረሜላ ሊገዛ ለመጣ ልጅ እንኳ «ይውሰዱ» ነበር የምትለው፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይሳሳቁና «እኔን እኮ እርስዎ አለችኝ» እየተባባሉ ይሮጣሉ። ቢምላ የሂንዲውን መጽሐፍ ስትጽፍ ጆሮዋ ላይ የነበረው ያ ድምፅ ነው። አንባቢውን ወደ ሌላ ገጽ በላከች ቁጥር፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ይመልከቱ» ብላ ጽፋለች። አንድም ቦታ አልዘለለችም። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ በጨርቅ የቋጠሩትን ዳሎ የሚባል ሥራ ሥር እያስተካከሉ፣ ናውሶሪ ገበያ ዛሬ ዓሣ ገብቶ እንደሆነ ጠየቋት። አላውቅም አለች። በልቧ ግን ለአሮጊቷ አክስቷ ዓይን ብርሃን፣ ለራሷም ትዕግሥት እየለመነች ነበር።

የሞሲ ቤት ከድልድዩ ማዶ፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ነው። ግቢው ጥግ ላይ ከጸሎት በኋላ የተተከሉ ቀያይ ባንዲራዎች በቀርከሃ ላይ ረጥበው ተንጠልጥለዋል። የፊት ለፊቷ ክፍል ጠባብ ናት፤ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ስፌት መኪና፣ የብረታ ብረት መደብር የሰጠው የቀን መቁጠሪያ፣ በምሥራቁ ግድግዳ የአማልክት ሥዕሎች፣ ሁለት ወንበር። ሞሲ የቢምላን እርጥብ ፀጉር በፎጣ ጠረጉላት፤ ከዚያ ራቅ ብለው ተመለከቷት። «ወፍረሻል። ያን ወንበር ተይውና እዚህኛው ላይ ተቀመጪ፤ ይኼ የካህናችንን የፓንዲቱን ሚስት ችሏል።» ከዚያ ስለ ገበያ አወሩ። ባሚያ አንድ ክምር ሦስት ዶላር ገብቷል፤ ክምር ይሉታል እንጂ አምስት ፍሬ ነው። ጋዝ ጨምሯል። የጎረቤት ልጅ ኒውዚላንድ ፍሬ ለቀማ ሄዷል። ሮቲ የሚባለውን ቂጣና በኮኮናት ወተት የበሰለ የዳሎ ቅጠል አቀረቡላት፣ የሎሚ ቅጠል ሻይም ቀዱላት። ስለ ሱሬን አልጠየቁም። የልጆቹን ደኅንነት ጠየቁ፣ የሚስቱን ጉልበት ጠየቁ፣ መኪናው አሁንም ያጨስ እንደሆነ ጠየቁ። በእሱ ዙሪያ ያለውን ሁሉ አዳርሰው እሱን መሃል ላይ ባዶ ተዉት።

ቢምላ ያን የድሮውን ነገር አነሳችባቸው፤ ወኪሉ የመጣበትን ቀን። «ለማን እንደተጻፈ አልነገረንም» ያለችው እናቷ ነበረች ወይስ እሳቸው? ሞሲ ሮቲያቸውን ቆርሰው ትንሽ አሰቡ። «ሁለታችንም አይደለንም መሰለኝ። እኛ እንዲህ ያለ ጥሩ መልስ የሚመጣልን ሰውየው ከሄደ ከሳምንት በኋላ ነው።» ከዚያ ፊታቸው ቅዝዝ አለ። እናትሽ ያን ቀን የተናገረችው ነገር የለም፣ አሉ፤ ሽሮፑን በሙሉ ከጓሮ አፍስሳ ጠርሙሶቹን አጠበች፣ ደርድራ አደረቀቻቸው፣ ከዚያም ወዲያ ከካርቶን የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ሳታነበው አጣጥፋ ታስቀምጥ ነበር፤ አንድ ቀን የሚያነብላት ይመጣ ይመስል።

ዕቃው ከተነሳ በኋላ ቢምላ ላፕቶፑን ከፈተች፣ ወረቀቱንም አጠገቡ አኖረች። ልትረዳቸው እንደማትችል፣ ቢሳሳቱም ዝም እንደምትል ነገረቻቸው። ቢችሉ መጽሐፉ እንደሚታተም፣ ባይችሉ እንደሚቀርም አልደበቀችም። ሞሲ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ እንደ ማክሰኞ ማታቸው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እየሳቡ፣ በዜማ ማንበብ ጀመሩ። ቢምላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አዳመጠች። የጻፈችው ነገር በሰው ድምፅ ሲወጣ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሞሲ ከመዝገቡ የሚወጣውን የሳል ሽሮፕ በስሙ ፈልገው አገኙት። ቀኑን አነበቡ፤ ማለፉንም አወቁ። «ቀኑ ያለፈ እንደሆነ፣» ብለው ቀጠሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተሰናከለ። መስመሩን እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር፦ «ተመልከት ‹መድኃኒት ማስወገድ›፣ ገጽ 31 የሚለውን ይመልከቱ።»

ሞሲ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ይኼ መጽሐፍ ሟቹ ባሌን ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ይጮህብኛል፣ ከዚያ ጎረቤት መስማቱ ትዝ ሲለው እርስዎ ይለኛል።» ቢምላም ሳቀች፤ ግን ሳቋ አልቆየም። ሞሲ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ገጽ ሠላሳ አንድን አገኙ፣ ግራ እጃቸውን እዚያ ላይ አስቀመጡ፣ በቀኙ ደግሞ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመሩ። ወደ ፊትም ገለጡ። ማውጫውን ዓዩ። ደቂቃዎች አለፉ፤ ውጭ ዝናቡ ቆሞ ዶሮዎች ወጥተዋል። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ በወሰደ ድምፅ ጠየቋት። «አንዱን ዓየሁት፤ እጄ እዚሁ አለ። ሁለት ጊዜ እይ ብሎኛል። ሁለተኛው የት ነው?»

ቢምላ አልመለሰችም፤ ቃሏ ነው። ወረቀቱን ግን ሳብ አድርጋ ዓየችው። የሚቀጥለውን ገጽ ዓየች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። በሁሉም ላይ ተናጋሪው ከፊት ቆሞ «ተመልከት» ይላል፤ የእሷም «ይመልከቱ» ከኋላ ተከትሎ ይመጣል። በስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ስም ብቻ ስታይ የኖረችው ሴት፣ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ሲወርድ ራሱ እንደሚናገር ታውቅ ነበር፤ ሂንዲው ላይም እንደሚናገር ግን አልመጣላትም። ዝምተኛውን መጠቀም ነበረባት። ስሙንና ገጹን ብቻ ያስቀምጥላት፣ «የሚለውን ይመልከቱ» ማለቱን ለእሷ ይተውላት ነበር። ሞሲ ሁለተኛውን ቦታ እየፈለጉ ከገጽ ሠላሳ አንድ ሳያልፉ ቀሩ፤ ሽሮፑም መዝገቡ ላይ እንዳለ ነው።

ለባያ ቻሉ ብላ ብትነግረው ማንም አያጣራም። አሳቡ መጣባት፣ ትንሽም ተቀመጠባት። ከዚያ ሞሲን የሚመስሉ ሴቶች ይህን መጽሐፍ ይዘው፣ በየባንኮኒው፣ እጃቸው ገጽ ላይ ሆኖ የሌለ ነገር ሲፈልጉ በሐሳቧ ዓየቻቸው። ሞሲን ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የኔ ነው አለቻቸውና፣ ስለ ሦስቱ ትእዛዞች ነገረቻቸው፤ ቫሲቲ ያወጣችላቸውን ስም ጭምር። ሞሲ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዝምተኛው ጥሩ ነው። በሩን አሳይቶ ዞር የሚል ሰው ይመስላል።» ቢምላ ስልኳን አውጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

ሁሉንም እንደሆነው ነገረችው። ሱሬን ሳያቋርጥ ሰማት፤ ስትጨርስ የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ታዲያ አልቻሉም ማለት ነው?» አልቻሉም አለች፣ ግን ስሕተቱ የትእዛዙ ነው፣ የቋንቋው አይደለም፤ በየገጹ ገብታ ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ ማስተካከል አለባት፤ ጊዜ ቢሰጣት ይሆናል። ጊዜ የለም፣ አላት። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ተራውን ለሌላ ይሰጣል። ሁለቱ ይገባሉ። የተነጋገርነው ይኼንኑ አልነበረም ወይ? ይኼንኑ ነበር። ስልኩን ግን ሁለቱም አልዘጉም።

ሞሲ እጃቸውን ዘረጉ። ቢምላ መጀመሪያ ወረቀቱን የፈለጉ መሰላት። ስልኩን ነበር የፈለጉት። «አታገናኚኝ» ያለው ትዝ ቢላትም፣ ታላቅ ሰው የዘረጋውን እጅ ባዶ መመለስ አልሆነላትም፤ ሰጠቻቸው። «ሱሬን፣ ልጄ፣» አሉ ሞሲ፣ ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ። «እኔ ነኝ። ባሚያ ስንት ገባ እንዳትለኝ፣ ከቢምላ ጋር ተነጋግረንበታል።» ከወዲያ የመጣውን ቢምላ አልሰማችም። ሞሲ ሲናገሩ አይቸኩሉም። መጽሐፉ ሲያነቡት ደስ እንደሚል፣ ከሁለት ምላስ በቀር ጉድለት እንዳላገኙበት ነገሩት። ከዚያ ጠየቁት፤ ያን ፈተና ያወጣኸው ለምን ነበር? ስሕተት ካለ እንዲገኝ አይደል? ተገኘ። «ቤት ሲያፈስ ቀዳዳውን ያሳየህን ሰው አመስግነህ ቆርቆሮውን ትመታለህ እንጂ ቤቱን...» አሉና አቆሙ። ቤቱን አትሸጥም ሊሉ እንደነበር ሦስቱም አወቁ። ሞሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ቤት ላወራ አልነበረም፣» አሉ በለሆሳስ። «እንዲያው ምላሴ ላይ መጣ።»

ሱሬን ከወዲያ መናገር ጀመረ፤ ረጅም ተናገረ። ሞሲ በየመሃሉ «እህ» ይላሉ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ እያስተካከሉ። አንድ ጊዜ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ፈገግ ብለው ለቢምላ፣ «ቫሲቲ የምትባል ሴት እጇን አጣምራ ፊቱ ቆማለች አሉ፤ የኔን ብቻውን አልሰጥም ብላ ወረቀቷን ይዛለች» ሲሉ በሹክሹክታ ነገሯት። ወደ ስልኩ ተመለሱ። «አይሆንም፣ ቢሮ አልመጣም፤ ያ ደረጃችሁ ይገድለኛል። አይ፣ በአውቶቡስም አልመጣም። ማክሰኞ ማታ ማንበቢያዬ ነው፣ ጠዋቱን ግን ነፃ ነኝ።» ረዘም አድርገው አዳመጡ። «ቤትህ። አዎ፣ ቤትህ፤ ሚስትህ ወንበር ታጣለች?» እንደገና አዳመጡ። «እሺ። አንተንም ይባርክህ።»

ስልኩን መልሰው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ አንዱን መስታወት ጠረጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ቢምላ ምን አለ ብላ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም መጻሕፍት ዛሬ አይሄዱም፣ አሉ ሞሲ፤ ማተሚያ ቤቱን ለሚቀጥለው አርብ ይለምናል፣ ሦስቱም አብረው ይገባሉ። አንቺ እስከ ሰኞ ዝምተኛውን በየቦታው ታስገቢያለሽ። ማክሰኞ ጠዋት ራሱ መጥቶ ይወስደኛል፤ ሹፌር አይልክም፣ ራሱ።

«ከዚያስ?» አለች ቢምላ።

«ከዚያማ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሊሰማኝ ተስማምቷል።»